በፀሐይ በኩል ያለው ወንበር

«ይሄን መጋረጃ ደግሞ ማነው የዘጋው?»

ሳሎኑን ለቀስተኛ ሞልቶታል። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ፤ ስለ ሟች ደግነት የተጀመረው ወሬም መሀል ላይ ተቆረጠ። ሚስትየዋ በኪራይ ወንበሮቹ መሀል የሰው ጉልበት እየገፋች አልፋ መስኮቱ ጋ ደረሰችና፣ ያንን እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ መጋረጃ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ጎን ሳበችው። ቀለበቶቹ ብረቱ ላይ ተንጫጩ። ፀሐይዋ ድንገት ግብት ስትል ትይዩ የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ የሟች ታላቅ እህት ከሶፋው ጥግ። «ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ሲዘጋው የኖረውን፣ አፈሩ ሳይደርቅ ትከፍችዋለሽ? የእጁን ሥራ ፀሐይ ትብላው?»

«ትብላው፣ እትዬ።»

«ኧረ ሰው ምን ይላል!»

«ሰው ሻዩን ይጠጣ። ሰው የመጣው እኔን ሊያጽናና አይደል? ይኸው፣ እኔን የሚያጽናናኝ ይሄ ነው» አለችና መጋረጃውን በገመዱ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

ፀሐይዋ በቀጥታ ያረፈችው ከመስኮቱ ትይዩ በቆመው ባለ መስታወት ቡፌ ላይ ነው። ሌላው ሰው እንዲህ ባለ ቡፌ ውስጥ ሳህንና ብርጭቆ ይደረድራል። የዚህ ቤት ቡፌ የያዘው ሰው ነው፤ አውራ ጣት የሚያክል ሰው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ አውቶቡስ ወንበር በረድፍ በረድፍ የተቀመጠ። ቦርሳዋን ታቅፋ ያንቀላፋች ነርስ አለች። ከጎኑ ያለውን ሰው ጋዜጣ አንገቱን አስግጎ የሚያነብ ሽማግሌ አለ። አፉን ከፍቶ የሚከራከር ጎረምሳ፣ አንድ ማስቲካ የሚሻሙ መንትዮች፣ የሰፈሩ ሰካራም ሳይቀር ከነተቀደደው ኮቱ ተቀምጧል። የሸሚዛቸው ቁልፍ በመርፌ ጫፍ የተነጠበ ነው። ሁሉንም የቀረጸና የቀባ ባሏ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ በሥራ ቀን በአውቶቡሱ የኋላ መመልከቻ መስታወት ያየውን ተሳፋሪ በዕረፍት ቀኑ ይሠራዋል። «ተሳፋሪዎቼ» ነው የሚላቸው። ራሱ በር የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ግዙፍ ሰው ነው። ሰፈሩ ግን በሥራው «ድንክዬ» የሚል ስም አወጣለት። ድንክዬ ሞተ ሲባል የማያውቀው ሰው «ውይ፣ ስንት ዓመት ሆኖት ነበር ልጁ?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

መጋረጃው የተዘጋው ለእነዚህ ተሳፋሪዎች ነው። ፀሐይ ቀለም ትበላለች፤ ቢጫውንና ቀዩን አስቀድማ፣ ሌላውን አስከትላ። «መስታወት ይከልላል እንዳትይኝ» ይላት ነበር። «እይ እስቲ!» ብሎ ሁለቱን ክንዶቹን ጎን ለጎን ይዘረጋል። ሲነዳ በመስኮቱ በኩል የሚውለው ግራ ክንዱ ከስሏል፤ ቀኙ የሌላ ሰው ክንድ ነው የሚመስለው። «ቆዳ ያለኝን ሰውዬ እንዲህ ያደረገች፣ እነሱን ምን ታድርጋቸው?» ስለዚህ ቫርኒሽ ቀባቸው። የቡፌው መስታወት ላይ ፀሐይ የሚከላከል ላስቲክ ለጠፈ። አልበቃ አለውና መጋረጃውን ዘጋ፤ ዘጋ በቃ። ሚስትየዋ በጠራራ ፀሐይ አምፖል እያበራች ኖረች፤ እሱንም ከቡፌው የራቀውን። በማሰሮ አበባ ተከለች፣ ገረጣ። ሌላ ተከለች፣ ሞተ። ሦስተኛውን አልሞከረችም።

ይሁን፣ ይሄን ሁሉ ችላዋለች። ሰው ስንት ሱስ አለበት፤ የሷ ባል አይጠጣ፣ አይዞር። አንጀቷን ያሳረረው አሟሟቱ ነው። በጓሮ በኩል ቀለም የሚቀባባት ጠባብ ክፍል ነበረችው። የክፍሏን መስኮት አንድ አሮጌ መጋዘን ከልሏት ስለኖረ ፀሐይ የምታገኘው ለአፍታ ነበር። በቅርቡ መጋዘኑ ፈረሰና ፀሐይዋ ከቀትር እስክትጠልቅ እዚያው መዋል ጀመረች። ድንክዬ እንቅልፍ አጣ። ሸራ ገዛ፣ መሰላል ተዋሰ። አንድ ጠዋት እሷ ወደ ጨርቅ ሱቋ ልትወጣ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ «ዛሬ እዚያች መስኮት ላይ ሸራ እወጥራለሁ» አላት።

«ጓሮው ወጣ ገባ ነው፣ መሰላል አያቆምም። እስክመጣ ጠብቀኝ፣ እይዝልሃለሁ።»

«እሺ» አለ።

እሺ ብሏል! በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች። አልጠበቃትም። ስትመለስ መሰላሉ ወድቆ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጓሮ ቆሞ ነበር።

እና አሁን ሰው እየገባ እየወጣ «እግዜር ያጥናሽ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላታል። ምን ቀን ነው የደረሰው? አሻንጉሊት ፀሐይ እንዳይነካው ብሎ ነው የሞተው። ይሄን በልቧ ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል፤ እንባዋ ደግሞ ከቀብሩ ጀምሮ አልመጣ ብሏታል።

ወጥ ቤት ብርጭቆ የሚያጥቡት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ትላለች አንዷ፣ «ልጅ ማጣቱ ነው ሰውዬውን እንዲህ ያደረገው። ልጅ ያለው ሰው አሻንጉሊት ታቅፎ ይውላል?»

«እውነትሽን ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እኔም...»

«እኔን ያድርገኝ!»

ዘወር ሲሉ ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆማለች። ከአንዷ እጅ ብርጭቆ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«ሙት ወቃሽ እኔን ያድርገኝ። እኔ እወቅሰዋለሁ፣ ባሌ ነው። እናንተ ግን አፋችሁን አንሱለት!» ብላ ትሪውን ከእጃቸው ነጥቃ ወጣች።

የመጋረጃው ጦርነት ቀጠለ። እሷ ከፍታ ዞር ስትል እትዬ እየተነፈሱ ተነስተው ይዘጉታል፤ ትመለስና ትከፍተዋለች። ለቀስተኛውም ለመደው። መጋረጃው ሲከፈት ወንበሩን እየጎተተ ወደ ጥላው ይሸሻል፣ ሲዘጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ሰው ብቻ ነው ከቦታው የማይነቃነቀው፤ የጋራዡ መካኒክ፣ የባሏ የልብ ጓደኛ። መሰላሉን ያዋሰው እሱ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ በሩ አጠገብ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል፣ ፊቷን ቀና ብሎ አያያትም። እሷም ፀሐይዋ ያረፈችበት ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች።

አውቶቡስ ላይም እንዲህ ነበር።

ያኔ ተቀጣሪ ነበረች። ጨርቅ ሱቁ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጥቅል ስታወርድ ስትሰቅል ትውልና ወደ ቤቷ የሚወስዳትን አውቶቡስ ትሳፈራለች። በዚያ ሰዓት ተሳፋሪው ሁሉ በጥላው በኩል ይተፋፈጋል፤ የፀሐዩ በኩል ባዶ ነው። እሷ በቢጫ ቀሚሷ ሄዳ እዚያ ትቀመጥና ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሾፌሩ በኋላ መመልከቻው ሲያያት ከረመ። አንድ ቀን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ደፈረና፣ «እህት፣ በጥላው በኩል እኮ ቦታ አለ» አላት።

«ጥላ ጠግቤያለሁ። ይሄ ወንበር የኔ ነው።»

«እንግዲያው ማንም አይቀመጥበትም» አለ። እውነትም ከዚያ በኋላ እሷ እስክትሳፈር ድረስ ወንበሩ ላይ የሱ ጃኬት ተዘርግቶ ታገኘዋለች። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ያገባችው ለዚያ ጃኬት ነው ቢባል ሐሰት የለውም።

ይሄንን የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ መጋረጃ የዘጋባት! ያበደችውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ለማንም ያልተናገረችው ሌላ እሾህ ነበራት። ተሳፋሪዎቹን መሥራት የጀመረ ሰሞን፣ «አንቺንም ልሥራሽ» ብሏት ነበር። መጋረጃው ገና መዘጋቱ ነው፣ ተናዳለች። «እኔን? ጨለማ ውስጥ ከሰካራም ጋር ልትደረድረኝ? እኔን እዚያ እንዳትከተኝ!» አለችና የሥራ ክፍሉን ዳግመኛ ላትረግጥ ምላ ወጣች። አልረገጠችም። ግን ሰው ናትና፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ቡፌው ፊት ቆማ ፊቶቹን አንድ በአንድ ታይ ነበር። ነርሷ አለች። መንትዮቹ አሉ። እሷ የለችም። ከተማውን ሁሉ ሠርቶ እሷን ዘለላት። ተናግራ ተቀየመች እንጂ ይዘላታል ብላ መቼ አሰበች! ባሏን አፈር አልብሳ መጥታም የሚያንገበግባት ይሄው ነው፦ ከእነዚህ ጎን እኔ ምኑ ነበርኩ?

ልቅሶው ሊበተን ነው በተባለበት ከሰዓት፣ ሳሎኑ ሙሉ ሰው ባለበት ተነስታ ቆመች።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ መጋረጃውን በመዝጋት አይድከሙ። ነገ ሁሉንም ጓሮ አውጥቼ አሰጣቸዋለሁ። ነጭ እስኪሆኑ፣ አፍንጫና ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አላነሳቸውም።»

«ምነው ልጄ!» እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። «ከወንድሜ የቀረኝ ይሄ ነው። ለኔ ስጪኝ፣ እኔ ልውሰዳቸው።»

«ለእኔስ ምን ቀረኝ? የገደሉትን ነው የምሸልምዎት?» አለችና ካርቶን ልትፈልግ ወደ ጓሮ ሄደች።

የሥራ ክፍሉ በር አብጦ ኖሮ በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው። የቲነር ሽታ ተቀበላት። በርጩማው መቀመጫው ጎድጉዷል። ጠረጴዛው ላይ ብሩሾቹ ታጥበው ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ሁለት አጉሊ መነጽሮች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ በፕላስተር ታስሯል። ከመስኮቱ ውጭ ሸራው በአንድ ሚስማር ብቻ ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይንገላታል። እዚያ ላይ ነበር እንግዲህ እጁ የቆመው። ዓይኗን ከሱ ልታሸሽ ስትል መስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ነገር አየች።

ሴት ናት። ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ መስታወቱ ቀና አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። ፀጉሯ የዚያን ጊዜው ቁርጥ ነው፣ ቀሚሷም የዚያን ጊዜው።

ሚስትየዋ ተጠጋች። ሠርቷታል! አልዘለላትም። አነሳቻትና መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ይሄኔ ነው ቁጣዋ ከበፊቱ ብሶ የተነሳው። የጨርቅ ሻጭ ዓይን ነውና አይታለልም። የሱቅ መስኮት ላይ የከረመ ጨርቅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ቀሚሱ ከኋላ ቢጫ ነው፣ ከፊት ግን ገርጥቶ ነጥቷል። የፊቷ ቀለም ሸሽቶ ከንፈርና ጉንጭ አይለይም። ሌላ አንድ እንኳ ምስል መስኮቱ ላይ የለም። እሷ ብቻ።

ሳሎን የገባችው እየሮጠች ነው።

«እዩልኝ!» ክንዷን ዘርግታ ለሁሉም አሳየች። «እዩልኝ የባሌን ሥራ! ሁሉን ከፀሐይ ደብቆ፣ ላስቲክ ለጥፎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ እኔን መስኮት ላይ አስጥቶኛል! ሰካራሙን በጥላ፣ እኔን በፀሐይ! ፊቴን እዩት፣ ጠፍቷል! ደግሞስ ይሄ ወገብ የማነው? ያኔ እንዲህ ነበርኩ? አወፍሮኛል እኮ!»

ከወደ ጥግ አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሳለ።

«አላወፈረሽም፣ እህቴ።»

መካኒኩ ነው። ተነስቶ ቆሟል።

«ዓይን የለኝም እንዴ እኔ?»

«ቀለሙ ነው። በየዓመቱ ነው የሚቀባሽ። ፀሐይዋ ስትበላሽ፣ ይቀመጥና እንደገና ይቀባሻል። ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ ነው ወገብሽ የጠፋው።»

«ታዲያ ለምን ቡፌ ውስጥ አያስገባኝም?»

«እኔም ስንቴ ብዬዋለሁ። ‹ጨለማ ውስጥ እንዳትከተኝ ብላኛለች› አለኝ። ‹እሷ የምትወደው በፀሐይ በኩል ያለውን ወንበር ነው። ትሙቅ ግዴለም፣ እኔ እቀባታለሁ› ነው ያለኝ።»

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። መካኒኩ ከጀመረ ወዲህ ማቆም አቃተው።

«መጋዘኑ ሲፈርስ ግን በሳምንታት ውስጥ ነጣሽበት። ዓይኑም ደክሟል፤ ሁለት አጉሊ ደርቦ እንኳ ፊትሽን መሥራት አልቻለም። እኔን ሞክር አለኝ፤ የኔ እጅ ከብሎን ሌላ ምን ያውቃል? ‹ታልቅብኛለች› እያለ ተጨነቀ። ሸራው ለዚህ ነው፣ ለሌላ ለማንም አይደለም። ‹አላጨልምባትም፣ ትንሽ ጥላ ብቻ ነው የማደርግላት› አለ። መሰላሉን ሲወስድ መጥቼ ልያዝልህ ብለው፣ ‹ሚስቴ ትይዝልኛለች› ብሎ መለሰኝ። ምን እንዳጣደፈው አላውቅም። ፀሐይዋ መስኮቱ ጋ ደርሳበት ይሆናል።»

ሰው ሁሉ አሁን ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ምስሏን መዳፏ ውስጥ ጨበጠች።

«ደደብ» አለች።

«ኧረ ልጄ...»

«ደደብ ነው፣ እትዬ! እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ! በሕይወቴ፣ በቁሜ፣ ከግድግዳው ወዲህ! አንድ ቀን መጋረጃውን ከፍቶ ‹ነይ ሙቂ› ቢለኝ ምን ነበረበት? ለአሻንጉሊቷ ፀሐይ፣ ለኔ አምፖል! እኔስ ብሆን ክፈትልኝ ከማለት መሳደቡ ይቀለኝ ነበር። እሱ ለሷ፣ እኔ ለሱ ስንብሰለሰል... አይ አንተ ሰውዬ! አይ አንተ!»

እንባዋ የመጣው ያኔ ነው። እየተሳደበች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ተሳደበች። የሚያባብላት ሰው እጇን ሲይዛት መነጨቀችው፤ ማንም ሁለተኛ አልሞከረም።

ሲወጣላት ፊቷን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ወደ መስኮቱ ሄደች። ገመዱን ፈታችና መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው። ተሳፋሪዎቹ ጥላ ውስጥ ገቡ።

«ይውሰዷቸው፣ እትዬ» አለች። «ጨለማ ቦታ ያስቀምጧቸው። እነሱ ምን አጠፉ።»

ከዚያ ቡፌውን ከፍታ ከላይኛው ረድፍ ፊት ለፊት የተቀመጠውን አወጣች። ሾፌሩ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ መሪውን በሁለት እጁ የያዘ፣ የደንብ ልብሱ ሰማያዊ ትናንት የተቀባ የሚመስል። ዕድሜውን ሙሉ ጀርባውን ለተሳፋሪ ሰጥቶ የኖረ ሰው። ግራ ክንዱን ከቀኙ አጥቁሮ ቀብቶታል፤ ይሄንን እንኳ አልረሳም።

«እሱ ግን የኔ ነው» አለችና ሁለቱን ይዛ ወጣች።

ከሥራ ክፍሉ መስኮት ፀሐይዋ ገና አልሸሸችም። ሚስትየዋ መስኮቱን ከፍታ እጇን ሰደደችና ሸራውን ከቀረችው ሚስማር ላይ ነቅላ ጣለችው። ቢጫዋን ሴት ቦታዋ ላይ መለሰቻት። ሾፌሩን ከጎኗ አስቀመጠችው።

«እስክመጣ ጠብቀኝ አላልኩህም?» አለችው። «አላልኩህም?»

በርጩማውን ስባ ጎድጓዳው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ ወጣች።

«ና፣ ሙቅ እንግዲህ» አለች። አንድ ጣቷን ዘረጋችና፣ ያ ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ያላገኘው ቀኝ ክንዱ ወደ መስታወቱ እንዲሆን ቀስ አድርጋ አዞረችው።